አስተርጓሚውን የዋጠ

ስዊፍት ከረንት፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
የእህል ጎተራው ሚዛን ቤት፣ መስኮቱ በአመዳይ ተጋርዶ፣
ዶሪን ትቀመጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመት።
መኪና ሲገባ ትመዝናለች፣ ሲወጣ ትመዝናለች፣
ሙሉውን ከባዶው ትቀንሳለች በእርሳስ፣
የስንዴውን እርጥበት ታሰላለች በእርሳስ፣
እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ደግሞ ትፈልገዋለች።

እኔ የማታው ፈረቃ ነኝ፤ ስሜ ስንሻው፤
እሷ "ሻው" ነው የምትለኝ፣ እንደሚመቻት አሳጥራ።
አንድ ሌሊት በረዶው መንገዱን ዘግቶ መኪና ሲጠፋ
ሠላሳ መስመር ጻፍኩላት፤
ያንን ቅናሽ፣ ያንን እርጥበት፣ ያንን የእርሳስ ሥራ
በፓይተን አስቀመጥኩት።
በኔ ላፕቶፕ ላይ እንደ ውሃ ይወርዳል።
በእሷ ኮምፒውተር ላይ ግን ድዳ ነው፤
አሮጌ ነው፣ ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም፣
ፓይተን የሚባል እንግዳ ደጁን ረግጦት አያውቅም።

ጽሑፍ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ የሚተረጉምለት ካጣ?
ይህን አውቀዋለሁ።
ሪጃይና ሆስፒታል ሁለት ዓመት አስተርጓሚ ነበርኩ፤
ሐኪሙ ሲናገር፣ በሽተኛው ሲናገር፣ መሀል ቆሜ፤
እኔ የቀረሁ ዕለት
ሁለቱም አፍ እያላቸው ተያይተው ተለያዩ።

እንግዲህ አስተርጓሚውን ራሱን ዋጥ አድርጎ ይሂድ አልኩ፤
ስንቁም በሆዱ፣ ቋንቋውም በሆዱ፣
የማንንም ደጅ ሳይጠና ይጓዝ በመንገዱ።

ማሸጊያውን አዘዝኩት። ጥቁሩ መስኮት ላይ
ነጭ ጽሑፍ እንደ ካፊያ ተንጠባጠበ፤
ሲጀምር ሠላሳ መስመር፣ ሲያልቅ ሠላሳ ስምንት ሜጋባይት!
ለአንድ ጭብጥ ሽምብራ ጎተራ ሙሉ ሠራሁ
ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ጎተራ ሥር ቁጭ ብዬ።

ጠዋት በፍላሽ አመጣሁላት። ሁለቴ ነካችው።
ኮምፒውተሩ ፊቱን አጠቆረ፦
"አሳታሚው አይታወቅም። ላስኬደው ወይስ ልተወው?"
ዶሪን "እኔ አውቀዋለሁ" አለች፤
ስለ ፕሮግራሙ ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም።
"አስኪደው"ን ነካች።
ጥቁር መስኮት ብልጭ አለ፣ እንደ ጥቅሻ፤ ጠፋ።

ጥፋቱን ሦስት ሌሊት ፈለግሁ።
ለካ የዋጋውን ሰንጠረዥ የሚያስሰው
በኔ ላፕቶፕ አድራሻ ነው፤
"ስንሻው" ከሚለው ማህደር፣ "ዴስክቶፕ" ውስጥ፣ "አዲስ ሁለት"፤
በሰው ቤት ቆሞ የኔን ጓዳ ያንኳኳል፣
ማን ይክፈትለት?
አንዲት መስመር ለወጥኩ፤
የኔን ቤት አድራሻ ፍቄ
"ካለህበት አጠገብ ፈልግ" አልኩት።
አገኘ።

ከዚያ ወዲህ እርሳሱ ጆሮዋ ላይ ጌጥ ሆኖ ቀረ።
ለቀልድ ያህል መክፈቻው ላይ ሰላምታ አስገብቼ ነበር፣
በላቲን ፊደል፣ በችኮላ፣ "ር"ን ዘልዬ፦
"እንደምን አደሽ ዶሪን"።
ምን ማለት ነው? አለች። ነገርኳት።
መልሱስ?
"ደህና" በይው፣ አልኳት።

በመጋቢት ላፕቶፔ ላይ ሻይ ተደፋ፤
ሠላሳዋ መስመር አብራ ሄደች።
ቅጂውን ነገ፣ ነገ ስል ነበር።
የቀረው የታሸገው ብቻ ነው፤
ሰሙን ባቀልጠው ወርቁ አይወጣም፤
ይሠራል እንጂ አይነበብም።

ዶሪን በመስከረም ጡረታ ወጣች፣ ኬሎና፣ ልጇ ዘንድ።
ወንበሯ ላይ ኮዲ የሚባል ልጅ አለ፣
ሃያ ያልሞላው፣ ጢም ለማሳደግ የሚታገል፤
ማሽኑ ንጋት ላይ ይጠይቀዋል፦
"እንደምን አደሽ ዶሪን"።
ልለውጥልህ ብል አልችልም።

ፈረቃዬን አስረክቤ ካፖርቴን ስቆልፍ እሰማዋለሁ፤
ወደ ስክሪኑ ቀና ይልና፣
እሷ እንዳስተማረችው፣
"ደና" ይላል።
የመጀመሪያው መኪና ሚዛኑ ላይ ይወጣል።